አንዲት የቲበር ዳር ከተማ ጣሊያንን ሁሉ እንዴት ጠቀለለች?

ጥያቄ_አያልቅብኝ
ሰላም ለቤቱ። ሰሞኑን ስለ ጥንቷ ሮማ እያነበብኩ ነው። ስለ ቄሳሮቹ ሳይሆን ከእነሱ በፊት ስለነበረችው፣ ገና በቲበር ወንዝ ዳር ኮረብታዎች ላይ ስለተቀመጠችው ከተማ። ያልገባኝ ነገር ይኸውና። በ509 ንጉሣቸውን ታርኲንን አባረሩ፤ በእሱ ፋንታ በየዓመቱ የሚቀያየሩ ሁለት ቆንሱሎች ሾሙ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ብላችሁ አንብቡልኝ። በየመስመሩ መጻፍ ይሰለቻል።) ከዚያ ወዲያ ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ እርስ በርሳቸው ሲነታረኩ ነው የምናገኛቸው፦ ፓትሪሲያን የሚባሉት ባላባቶች በአንድ ወገን፣ ፕሌቢያን የሚባለው የቀረው ሕዝብ በሌላ ወገን። ሕዝቡ ጦር ሜዳ አልሄድም ብሎ ያድማል፣ ባላባቱ ሥልጣን አላካፍልም ይላል። ጎረቤቶቻቸው ደግሞ የዋዛ አልነበሩም። በሰሜን ኤትሩስካውያን፣ በተራራው ሳምናውያን፣ በደቡብ የግሪክ ከተሞች አሉ። በ264 ስናያቸው ግን ከፖ ወንዝ ሜዳ በስተቀር ጣሊያንን ጠቅልለው ይዘው በሰሜን አፍሪካ ካለችው ከካርቴጅ ጋር ሊገጥሙ ባሕር እየተሻገሩ ነው።

እርስ በርሱ የተጣላ ቤት እንዴት ሌላውን ያሸንፋል? «ጀግኖች ስለነበሩ ነው» የሚል መልስ አልፈልግም። ሳምናውያንም ጀግኖች ነበሩ።

ቀበሌ_07
በተረቱ ሮማን የቆረቆሩት እኮ ተኩላ አጥብታ ያሳደገቻቸው ልጆች ናቸዋ፤ ምን ትጠብቃለህ?

ጡረተኛው_መምህር
ልጄ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ ግን አነሳስህ ላይ አንድ ነገር ላስተካክል። ጠቡንና ድሉን ለያይተህ «ይህ እያለ ያ እንዴት ሆነ» ትላለህ። እኔ ለብዙ ዓመት ክፍል ውስጥ ሳስተምር ተማሪዎቼን የምላቸው፣ ያ ጠብ ባይኖር ያ ድል አይመጣም ነበር ነው።

ከዕዳው እንጀምር። ሊቪ የሚባለው የሮማ ታሪክ ጸሐፊ በ495 ስለተፈጸመ አንድ ነገር ይተርካል። አንድ ሽማግሌ ልብሱ ተቀዳዶ፣ ጺሙና ጠጉሩ ተንጨፍሮ፣ ገርጥቶ ከስቶ የከተማዋ አደባባይ ላይ ብቅ ይላል። ሰዎች አወቁት፤ በጦሩ ውስጥ የመቶ አለቃ የነበረ ሰው ነው። ደረቱ ላይ በውጊያ ያገኛቸው ጠባሳዎች አሉ። ምን ሆነህ ነው ሲሉት፣ እኔ ዘምቼ ሳለ ጎረቤቶቻችን ሳቢናውያን ማሳዬን አቃጠሉት፣ ከብቴን ነዱት፤ በዚያ ላይ ግብር ተጣለብኝ፣ ተበደርኩ፤ ወለዱ የአያቴንና የአባቴን ርስት በላው፣ ቀጥሎ ያለኝን ንብረት፣ በመጨረሻም ሰውነቴን አላቸው። አበዳሪው ወስዶ አስሮ ገርፎታል። ጀርባውን ገልጦ አሳያቸው፤ የጅራፉ ቁስል ገና አልሻረም። ከፊት የጠላት ጠባሳ፣ ከኋላ የገዛ ወገኑ ጅራፍ።

በዓመቱ፣ በ494፣ ሠራዊቱ ለሹማምንቱ አልታዘዝም ብሎ ከከተማዋ ሦስት ማይል ያህል ርቆ ከአኒዮ ወንዝ ማዶ በሚገኘው «ቅዱስ ተራራ» ላይ ሰፈረ። አልዘረፉም፣ አልተዋጉም፤ ተቀመጡ ብቻ። እዚህ ላይ ቆም ብለህ አስብ። ያን ጊዜ ቋሚ ደሞዝተኛ ጦር የለም። ወታደሩ ራሱ ገበሬው ነው፣ ጋሻና ጦሩንም በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ነው የሚዘምተው። ገበሬው ከተቀመጠ ሮማ ጦር የላትም ማለት ነው፤ ጎረቤት ደግሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ባላባቱ ሳይወድ በግድ ተደራደረ። ከድርድሩ የወጣው የሕዝብ ትሪቡን የሚባል ሹመት ነው፦ ፕሌቢያኖች ራሳቸው የሚመርጡት፣ ማንም እጁን ሊያነሣበት የማይችል፣ የቆንሱልን ትእዛዝ ሳይቀር «አይሆንም» ብሎ የሚያግድ። የቤቱ በር ቀንም ሌሊትም ክፍት መሆን ነበረበት፤ ከከተማዋ ውጭ ማደርም አይፈቀድለትም፣ የተበደለ ሰው ሲመጣ እንዲያገኘው።

እንግዲህ ሮማ ብዙ ወታደር በፈለገች ቁጥር ሕዝቡ የሚጠይቀው ዋጋ ይጨምራል፤ ሕዝቡ ባገኘ ቁጥር ደግሞ የሚዘምተው ሰው ይበዛል። ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ የተሠራው ይኸው ነው።

ጠበቃዋ
መምህር፣ እጅ ነሥቻለሁ። ስለ ዕዳ ካነሡ የአሥራ ሁለቱን ሰሌዳዎች ሕግ ሳልጨምር አላልፍም። በዩኒቨርሲቲ የሮማ ሕግ ስንማር ሁላችንንም ያስደነገጠ ክፍል ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። ሕጉ ቀድሞ በባላባቶቹ ካህናት ቃል ብቻ ይጠበቅ ነበር። ሕዝቡ ተጽፎ ይታይልን ብሎ ስለወተወተ በ451 እና በ450 አሥር ሰዎች ተመርጠው ጻፉት፣ በአደባባይም ተተከለ። ሦስተኛው ሰሌዳ ስለ ባለዕዳ እንዲህ ይላል (በራሴ አባባል ነው)፦ ዕዳውን ያመነ ወይም የተፈረደበት ሰው 30 ቀን ይሰጠዋል። ካልከፈለ አበዳሪው እጁን ይዞ ዳኛ ፊት ያቀርበዋል። ዋስ ከሌለው ወደ ቤቱ ወስዶ በጠፍር ወይም በእግር ብረት ያስረዋል፤ የብረቱ ክብደት ሳይቀር 15 የሮማ ፓውንድ ተብሎ በቁጥር ተጽፏል። እስረኛው በራሱ ስንቅ የማያድር ከሆነ አበዳሪው በቀን አንድ ፓውንድ እህል ይሰጠዋል። በዚህ ሁኔታ 60 ቀን ይቆያል። በመካከሉ በሦስት ተከታታይ የገበያ ቀኖች አደባባይ ላይ ያወጡትና ዕዳው ስንት እንደሆነ ይለፈፋል፤ የሚያዝንለት ዘመድ ካለ ይክፈልለት ነው ነገሩ። ማንም ካልመጣ ይገደላል ወይም ከቲበር ማዶ ይሸጣል።

ከቲበር ማዶ የተባለበት ምክንያት አለው። የሮማ ዜጋ በሮማ ምድር ባሪያ ሊሆን አይገባም፤ ወንዙን ከተሻገርክ ግን የኤትሩስካውያን አገር ነው። የገዛ ዜጋህን ለጠላት ትሸጣለህ ማለት ነው!

ጨካኝ ነው፤ ቢሆንም እኔ እንደ ሕግ ሰው የማየው ሌላ ነገር አለ። ቀኑ ተቆጥሯል፣ ብረቱ ተመዝኗል፣ እህሉ ተሰፍሯል። አበዳሪው ደስ እንዳለው ሳይሆን ሕጉ ባለው ልክ ነው የሚቀጣው። ከዚያ በፊት ባለዕዳው ይህን እንኳ ይዞ የሚከራከርበት ቃል አልነበረውም። በ326 ደግሞ ሰውን በዕዳ ማሰር በፖኤቴሊየስ ሕግ ቀረ፤ ሊቪ ያንን ቀን ለሕዝቡ ሌላ የነፃነት መጀመሪያ ሆነ ይለዋል።

ነገር_አጣሪ
ተረቱ ደስ ይላል፣ አልቃወምም። ነገር ግን መምህር፣ ሊቪ የጻፈው እኮ በአውግስጦስ ዘመን ነው። ከ495 እስከ እሱ ድረስ ከ450 ዓመት በላይ አለ። በመካከሉ ጎሎች የሚባሉ የሰሜን ሰዎች በ390 መጥተው ከተማዋን አቃጥለዋል፤ ሊቪ ራሱ በዚያ ቃጠሎ አብዛኛው መዝገብ ጠፋ ብሎ ጽፏል። ታዲያ ያ ሽማግሌ ደረቱ ላይ ስንት ጠባሳ እንዳለ፣ ጀርባው እንደቆሰለ ማን መዘገበው? ተኩላዋን ከሣቅንባት ሽማግሌውንም በጥርጣሬ ማየት አለብን።

ጡረተኛው_መምህር
ሽማግሌው ስም የለውም፤ ሊቪም ስም አልሰጠውም። እሱን ብትጥለው አልከራከርህም። ጠበቃዋ የጠቀሰችውን ሕግ ግን መጣል አትችልም፤ ቃሉ በብዙ ጸሐፊዎች ተጠቅሶ ደርሶናል፣ የሮማው ተናጋሪ ሲሴሮም በልጅነቴ በቃሌ ያጠናሁት ነው ይላል። ያ ሕግ ካለ፣ እንደ ሽማግሌው ያለ ሰው ነበረ።

ነገር_አጣሪ
በዚህ እስማማለሁ።

ጥያቄ_አያልቅብኝ
እግዜር ይስጥልኝ መምህር፣ አንቺም እህቴ። ታዲያ ትሪቡን ካለ፣ የተጻፈ ሕግ ካለ፣ ሹማምንቱም በየዓመቱ በምርጫ የሚወጡ ከሆነ፣ ይህ ዴሞክራሲ አይደለም ወይ? ለምንድን ነው ሁሉም አቴንስን ብቻ የሚጠራው?

ነገር_አጣሪ
ኧረ ወዲያ! ድምፅ የሚሰጥበትን መንገድ ስታይ ሐሳብህን ትለውጣለህ።

ቆንሱሎችን የሚመርጠውና ጦርነት የሚያውጀው ጉባኤ የመቶዎች ጉባኤ ይባላል። የተፈጠረው ከጦር ሰልፍ ነው፤ ለዚህም ነው ከከተማዋ ቅጥር ውጭ፣ የማርስ ሜዳ በሚባለው ቦታ የሚሰበሰበው። ሕዝቡ በሀብቱ ተመዝኖ በ193 ቡድን ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ድምፅ አለው። ፈረሰኞቹ 18 ቡድን ናቸው። ሙሉ ትጥቅ መግዛት የሚችለው የመጀመሪያው መደብ 80 ቡድን። ደምረው፦ 98። ከ193 ግማሹን አልፈዋል። እነዚህ ከተስማሙ ሁለተኛው መደብ ሳይጠራ ምርጫው ያልቃል፤ የቀረው ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ ውሎ ወደ ቤቱ ነው። ምንም ንብረት የሌላቸው፣ ለአገር የሚሰጡት ልጅ ብቻ ነው ተብለው ፕሮሌታሪ የተባሉት፣ ስንትም ሆነው ሁሉም በአንድ ቡድን ታጭቀዋል።

በዚያ ላይ ግማሹ ቡድን የሽማግሌዎች ነው፣ ከ46 ዓመት በላይ የሆኑት። ሽማግሌ በቁጥር ከወጣቱ ያንሳል፤ ስለዚህ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ከአንድ ጎልማሳ ድምፅ ይበልጣል። ሀብታም ሽማግሌ ከሆንክማ ሮማ ያንተ ናት።

ሴኔቱን ገና አልነካሁም። ወደ 300 ሰዎች፣ ዕድሜ ልካቸውን የሚቀመጡ። ቆንሱሉ አንድ ዓመት ገዝቶ ይወርዳል፣ እነሱ ግን አሉ። በሕግ ደረጃ ምክር ነው የሚሰጡት፤ ግን ገንዘቡ በእጃቸው፣ መልእክተኛ የሚቀበሉና የሚልኩ እነሱ። ነገ ሴኔት ገብቶ ዕድሜውን ሙሉ ከእነሱ ጋር የሚቀመጥ ቆንሱል ዛሬ ምክራቸውን ይጥላል?

ጡረተኛው_መምህር
ስሌቱ ትክክል ነው። ሌላ ጉባኤ እንዳለ ግን አትርሳ፤ የፕሌቢያኖቹ፣ በትሪቡን የሚጠራው። እዚያ ድምፅ የሚቆጠረው በመኖሪያ ወረዳ እንጂ በሀብት አይደለም። መጀመሪያ ውሳኔው የሚያስረው ፕሌቢያኖችን ብቻ ነበር፤ በ287 ሕዝቡ እንደገና አድሞ ከቲበር ማዶ በያኒኩሉም ኮረብታ ላይ ከሰፈረ በኋላ በሆርቴንሲየስ ሕግ ባላባቱንም ማሰር ጀመረ። በ445 በሁለቱ መካከል ጋብቻ ተፈቅዷል፤ ከ367ቱ ሕግ ወዲህ ደግሞ ከሁለቱ ቆንሱሎች አንዱ ፕሌቢያን የሚሆንበት በር ተከፍቷል።

ሀብታም ፕሌቢያኖች ናቸው በዚያ በር የገቡት ትለኛለህ፤ ልክ ነህ። ድሃው ያገኘው መሬት ነው። እሱን ማንም እስካሁን አላነሣውም።

ተርሚኒ_ዳር
መሬት ካላችሁ እኔ ልግባ። የምኖረው እዚያው ሮማ ነው። የባቡር ጣቢያው፣ ተርሚኒ፣ ለእኛ ሰው ሁሉ መገናኛ ነው፤ እሑድ እሑድ አበሻ የማይታይበት ማዕዘን የለም። ከጣቢያው እንደወጣችሁ ትልልቅ ቢጫማ ድንጋይ እየተነባበረ የተሠራ ረጅም ቅጥር አለ። ሰው ተደግፎ ስልክ ያወራል፣ ሻንጣውን አስደግፎ ታክሲ ይጠብቃል። የዚያው ቅጥር ቁራጭ ከምድር በታች፣ በጣቢያው ውስጥ ያለው ማክዶናልድስ ቤት ውስጥም አለ፤ ከጎኑ ድንች ጥብስ ይበላል።

ይህ የሰርቪየስ ቅጥር የሚሉት ነው። በንጉሥ ሰርቪየስ ስም ይጠራ እንጂ የሚታየው ሥራ ጎሎቹ ከተማዋን ካቃጠሉ በኋላ፣ በ378 ገደማ የተጀመረው ነው። ዙሪያው 11 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ድንጋዩን ልብ ብላችሁ እዩት። በሮማ ኮረብታዎች ላይ የሚገኘው አይደለም፤ ግሮታ ኦስኩራ ከሚባል ካባ የመጣ ነው፤ ካባው ደግሞ ያለው በቬይ ምድር ነው።

ቬይ የኤትሩስካውያን ከተማ ነበረች፤ ከሮማ በስተ ሰሜን 16 ኪሎ ሜትር ብቻ። ትልቅ፣ ሀብታም፣ በገደል የተከበበች። ጠበቃዋ «ከቲበር ማዶ» ያለችው አገር ማለት እሷ ናት። ሮማውያን ዓመታት ከበቧት፤ አፈ ታሪኩ አሥር ዓመት ይላል። በ396 ካሚሉስ የሚባለው አዛዥ ያዛት። ለዚያ ጦርነት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ለወታደሩ ደሞዝ መክፈል የጀመሩት፤ ገበሬው ለክረምት ወደ ማሳው መመለስ ስላልቻለ። ከተማዋ ወደቀች፣ ነዋሪዋ ለባርነት ተሸጠ፣ ምድሯም ለሮማ ሕዝብ ተከፋፈለ። ሊቪ ለእያንዳንዱ ሰው ሰባት ዩገራ ደረሰው ይላል። አንድ ዩገራ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነው፣ ሩብ ሄክታር ገደማ፤ እንግዲህ የወሎ ገበሬ ሰባት ጥማድ ቢል ይገባዋል።

ስለዚህ እዚያ ጣቢያ ስቆም የማየው፣ ቬይን ቆፍረው አምጥተው የራሳቸውን አጥር እንዳጠሩ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልውጣ። ቅጥሩ ያለበት አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኰቼንቶ፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው? በ1887 (ይሄኛው ከክርስቶስ ልደት በኋላ!) ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። እዚያ ቆሞ ዘመዱን ከሚጠብቀው የእኛ ሰው ስንቱ ያውቃል?

ቀበሌ_07
ስምንት ዓመት ኖሬበታለሁ፤ አላውቅም ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።

ጡረተኛው_መምህር
ተርሚኒ፣ ተባረክ። አሁን ወደ ጠያቂው ዋና ጥያቄ ልመለስ፤ ዘለግ ይላል፣ ታገሡኝ።

ቬይን የያዙበት መንገድ አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሮማ ሩቅ አትሄድም ነበር። ያሸነፍከውን ሁሉ ሸጠህ አትዘልቀውም፤ መጨረሻ ላይ ዙሪያህ ያለው ሁሉ ተባብሮ ይነሣብሃል። እንዲያውም ተነሥቶባቸዋል። በ340 የገዛ ዘመዶቻቸው፣ ቋንቋቸውን የሚናገሩት የላቲን ከተሞች አመፁ። ሁለት ዓመት ተዋጉና ሮማ አሸነፈች። በ338 ከድሉ በኋላ ሴኔቱ ያደረገው ነገር ነው ለእኔ የሁሉም ቁልፍ።

ሁሉንም ላቲኖች ሰብስበው አንድ ፍርድ አልፈረዱባቸውም። ከተማ በከተማ እየጠሩ ለየብቻ ፈረዱ። ላኑቪየም፣ አሪቺያ፣ ኖሜንቱም ሙሉ የሮማ ዜግነት ተሰጣቸው፤ ትናንት ጠላት የነበረ ዛሬ መራጭ ሆነ። ቲቡርና ፕራይኔስቴ መሬት ተወስዶባቸው በአጋርነት ቀሩ። ከላቲኖች ወዲያ በካምፓኒያ ያሉት እነ ካፑዋ ደግሞ ዜግነት ያለ ድምፅ አገኙ፤ ይዘምታል፣ ግብር ይከፍላል፣ ከሮማ ሰው ጋር ይጋባል፣ ግን አይመርጥም። አንቲየም የወደብ ከተማ ነበረች፤ መርከቦቿ ተወሰዱ፣ የመርከቦቹ የነሐስ አፍንጫ ተነቅሎ አደባባዩ ላይ ባለው የተናጋሪዎች መድረክ ተሰቀለ።

ዜጋ ያልሆኑት የላቲን ከተሞች ደግሞ እርስ በርሳቸው እንዳይጋቡ፣ እንዳይነግዱ፣ የጋራ ስብሰባ እንዳያደርጉ ተከለከሉ። ከሮማ ጋር ግን ይችላሉ። መንገዱ ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ብቻ ይወስዳል፤ ከጎረቤትህ ጋር ለመምከር አትችልም፣ ጎረቤትህ ያገኘውን ሹመት ግን ታያለህ፣ ትመኛለህም።

ከዚያ በኋላ የመጡትን፣ ሳምናውያንን፣ ኤትሩስካውያንን፣ የግሪክ ከተሞችን፣ አብዛኞቹን አጋር ብለው በውል አሰሯቸው። እዚህ ላይ ነው የሚገርመው። አጋሩ ለሮማ ግብር አይከፍልም። አንዲት ሳንቲም! የሚሰጠው ወታደር ነው። በራሱ ሕግ ይዳኛል፣ በራሱ ቋንቋ ይናገራል፣ የራሱን ሹም ይሾማል፤ ሮማ ስትዘምት ግን የተመደበበትን ሰው ቁጥር ይዞ ይመጣል። ከምርኮውም ይካፈላል።

አሁን አስበው። ግብር የምትሰበስብ ንጉሠ ነገሥት ብትሆን በሰላም ዘመንም ታተርፋለህ። ሮማ ግን ከአጋሮቿ የምታገኘው ወታደር ብቻ ከሆነ፣ ሳትዘምት የቀረችበት ዓመት ሁሉ ያለ ጥቅም ያለፈ ዓመት ነው። ቆንሱሉ ደግሞ ሥልጣኑ አንድ ዓመት ነው፤ ስም የሚያወጣበት፣ በሠረገላ ሆኖ የድል ሰልፍ የሚያደርግበት ሌላ ጊዜ የለውም። ድሃው ዜጋ መሬት ይጠብቃል። አጋሩ ምርኮ ይጠብቃል። ማንም ተንኮል ማሰብ ሳያስፈልገው ነገሩ ራሱ ወደ ጦርነት ይገፋል። ለዚህ ነው በእነዚያ ዘመኖች ሮማ ያልዘመተችበት ዓመት በጣት የሚቆጠረው።

ከሜሪላንድ
መምህር በጣም ጥሩ አድርገው አስረዱን፤ ግን ትንሽ እንዳናሳምረው እሰጋለሁ። «አጋር» የሚባለው እኮ በጦር ተሸንፎ የፈረመ ነው። የተወሰደበት መሬት ላይ ሮማ የራሷን ሰፋሪዎች ታሰፍርበታለች። ካሌስ በ334፣ 2,500 ሰው ከነቤተሰቡ። ሉቼሪያ በ314። አልባ ፉኬንስ በ303፣ 6,000 ሰው። እነዚህ በተቀማ ምድር ላይ የተተከሉ ምሽጎች ናቸው፤ የድሮው ባለርስት ወይ ሞቷል፣ ወይ ተሽጧል፣ ወይ ወደ ተራራ ተገፍቷል። እኛ በሰፈራና በመሬት ነጠቃ ብዙ ያየን ሰዎች ነን፤ የሮማ ሲሆን «ጥበብ» ብለን ማለፍ የለብንም።

ጡረተኛው_መምህር
እኔም ጥበብ ነው እንጂ ደግነት ነው አላልኩም። ሰፈራዎቹን በማንሣትህ ግን ደስ ብሎኛል፤ ትክክል ነህ፣ ምሽግ ናቸው። ለድሃው ፕሌቢያን መሬት የተገኘውም ከዚያ ነው። የሮማ ባለጠጋ የራሱን ርስት ቆርሶ ለድሃው አልሰጠም፤ የሳምናዊውን ቆርሶ ሰጠ። በ367 ማንም ሰው ከመንግሥት መሬት ከ500 ጥማድ በላይ እንዳይዝ የሚል ሕግ ወጣ ይባላል፤ ካወጡት ሰዎች አንዱ ራሱ ሕጉን ጥሶ ተቀጣ ይላል ሊቪ። የውስጡን ጠብ ያበረደው የውጭ ምድር ነው።

ተርሚኒ_ዳር
እንደገና መጣሁ። ሰፈራ ብቻ አይደለም፣ መንገድም አለ። በ312 አፒየስ ክላውዲየስ ሴንሰር (የሕዝብ ቆጠራ ሹም) ሆኖ ከሮማ እስከ ካፑዋ መንገድ አስጠረገ፤ እስከ ዛሬ አፒያ ይባላል። በሳምናውያን ጦርነት መሐል ነው፤ ዓላማው ጦርና ስንቅ ቶሎ ማድረስ ነበር። መነሻው ከሰርቪየስ ቅጥር በሮች አንዱ፣ ፖርታ ካፔና። ቦታውን ታውቁታላችሁ፤ ባታዩትም ታውቁታላችሁ። ሙሶሊኒ በ1937 የአክሱምን ሐውልት አምጥቶ ያቆመበት አደባባይ እሱ ነው። በ2005 ወደ አገሩ እስኪመለስ የእኛ ድንጋይ የቆየው በአፒያ መንገድ አፍ ላይ ነበር ማለት ነው። (የሁለቱም ዓመቶች ከክርስቶስ ልደት በኋላ፤ አወያዩ እንዳይቆጣ።)

ጠበቃዋ
ስለ ማኅበረሰቡ ሳይወራ እንዳያልፍ አንድ ልበል። ሁላችሁም «ዜጋ፣ ዜጋ» ትላላችሁ፤ ቤት ውስጥ ግን ዜጋ የሚባል የለም፣ አባት ነው ያለው። አባት በሕይወት እስካለ ድረስ ልጁ ሃምሳ ዓመት ቢሞላው፣ አግብቶ ቢወልድ እንኳ የራሱ ንብረት የለውም፤ በሕግ አባት በልጁ ላይ የሞትና የሕይወት ሥልጣን አለው። አራተኛው ሰሌዳ አባት ልጁን ሦስት ጊዜ ከሸጠ ልጁ ከአባቱ ነፃ ይሁን ይላል። ሦስት ጊዜ!

ይህን ይዛችሁ የሚከተለውን አንብቡ። በ213 ወጣቱ ፋቢየስ ቆንሱል ነው፤ አባቱ ደግሞ የካርቴጁን የጦር አዛዥ ሃኒባልን በማዘግየት ያደከመው ታላቁ ፋቢየስ። አባት በፈረስ ሆኖ ወደ ልጁ ሰፈር ይመጣል። በቆንሱል ፊት 12 በትር ያዦች በተራ ይቆማሉ፤ ወደ ቆንሱል የሚመጣ ሰው ከፈረሱ መውረድ አለበት። አሥራ አንዱ ሽማግሌውን አፍረው ዝም አሉ። አባት አልፏቸው መጣ። ልጁ ከፊቱ ያለውን የመጨረሻውን በትር ያዥ «ሥራህን ሥራ» አለው፤ እሱም ውረድ ብሎ ጮኸ። ሽማግሌው ዘሎ ወረደና፣ ቆንሱል መሆንህን ታውቅ እንደሆነ ላይ ፈልጌ ነው አለ። ቤት ውስጥ ሊሸጠው የሚችል አባት ነው ይሄ።

ጥያቄ_አያልቅብኝ
የመጨረሻው ደስ ይላል። መምህር፣ አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። በውል የታሰረ አጋር ጠንካራ ጠላት ሲመጣ ለምን አይከዳም? ሃኒባልን ያህል ሰው መጥቶላቸው እኮ ነበር።

ነገር_አጣሪ
ይህንን እኔ ልመልስ፣ መምህር ይረፉ። ከሃኒባል በፊት ፒረስ የሚባል ንጉሥ አለ። በ280 የግሪክ ከተማ ታሬንቱም ጠርታው ከግዛቱ፣ ከግሪኮቹ አገር ከኤፒረስ፣ 20 ዝሆን ይዞ መጣ። በሄራክሌያ አሸነፈ፣ በዓመቱ በአስኩሉም አሸነፈ። ከሄራክሌያው ድል በኋላ መልእክተኛው ኪኔያስ ለሴኔቱ ዕርቅ ይዞ ሲሄድ፣ ያ መንገድ የሠራው አፒየስ አርጅቶ ዓይኑ ጠፍቶ ሰዎች ተሸክመው አስገቡት፤ ፒረስ ከጣሊያን ሳይወጣ ድርድር የለም አለ። ፒረስ የሞተበትን ወታደር የሚተካው ባሕር አሻግሮ ነው፤ ሮማ ግን ከደጇ። በ275 ጠቅልሎ ሄደ።

ሃኒባል በ216 ካኔ ላይ በአንድ ቀን ከ45,000 በላይ የሮማና የአጋር ወታደር ፈጀ። ከዚያ በኋላ ካፑዋ ከዳች፤ የደቡብ ብዙ ከተሞች ከዱ። አልከዱም ማለት ውሸት ነው። ነገር ግን የላቲን ሰፈራዎቹ አንዳቸውም ለሃኒባል በር አልከፈቱም። በ209 ከ30ዎቹ 12ቱ ከእንግዲህ የምንሰጠው ሰውም ገንዘብም የለንም ብለው እምቢ አሉ፤ 18ቱ ግን ከተጠየቅነው በላይ እንሰጣለን አሉ። «ከሜሪላንድ» በተቀማ ምድር የተተከሉ ምሽጎች ብሎ የጠራቸው እነዚህ ናቸው፤ ሮማን ያቆሟትም እነሱ ናቸው። ሮማ ብትወድቅ መሬቱን የሚጠይቅ ባለቤት ከጎናቸው ነበራ!

የወታደሩን ብዛት ደግሞ ግሪካዊው ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢየስ ቆጥሮታል። በ225፣ ጎሎች ሊመጡ ነው ሲባል ከዜጋውም ከአጋሩም መሣሪያ መያዝ የሚችለው ተመዝግቦ 700,000 እግረኛና 70,000 ፈረሰኛ ተገኘ ይላል። ቁጥሩ ቢጋነን እንኳ ግማሹን ውሰድ፤ ሃኒባል አልፕስን ወርዶ ጣሊያን ሲገባ የነበረው 20,000 እግረኛና 6,000 ፈረሰኛ ነው።

ከሜሪላንድ
ስለ ሰፈራዎቹ ያልከው አሳምኖኛል። ለእኔ የሮማን ነገር ከሁሉ በላይ የገለጠልኝ ግን የጠላት ምስክርነት ነው። የመቄዶንያው ንጉሥ ፊሊጶስ አምስተኛ፣ ከሮማ ጋር ሊዋጋ የተነሣው፣ በቴሳሊ ላለችው ለላሪሳ ከተማ የጻፈው ደብዳቤ በድንጋይ ተቀርጾ ተገኝቷል። ላሪሳ በጦርነት ሰው አልቆባታል፤ ንጉሡ በከተማችሁ የሚኖሩትን መጻተኞች ዜግነት ስጧቸው ይላቸዋል፣ እነሱ ግን አንገራገሩ፤ ስማቸውንም ከመዝገብ ፋቁ። ደግሞ ሲጽፍላቸው ሮማውያንን እዩ አላቸው፦ ባሪያን እንኳ ነፃ ሲያወጡ ዜጋ ያደርጉታል፣ ሹመትም ያካፍሉታል፤ በዚህም አገራቸውን ከማስፋት አልፈው ወደ 70 በሚጠጉ ቦታዎች ሰፋሪ ልከዋል።

ጠበቃዋ
ስለ ሹመቱ ንጉሡ አጋኗል። ነፃ የወጣው ሰው ራሱ ድምፅ ይሰጣል እንጂ አይሾምም፤ የሚሾመው ልጁ ነው። ሰባው ሰፈራም በዝቷል። ዋናው ነገር ግን ልክ ነው፤ አቴንስ ላይ ነፃ የወጣ ባሪያ መጻተኛ ሆኖ ይቀራል፣ ልጁም እንደዚያው።

ጥያቄ_አያልቅብኝ
ስለዚህ አጋሮቹ ወታደር እየሰጡ፣ ዜግነቱን እያዩ እየተመኙ ቆዩ። ተሰጣቸው ወይስ ተከለከሉ?

ጡረተኛው_መምህር
ተከለከሉ። የሮማ ሕዝብ ራሱ ነው የከለከላቸው፤ እህሉንና መሬቱን ላለመካፈል። በ91 ሳምናውያንን ጨምሮ ብዙዎቹ አመፁ፣ የራሳቸውን ሴኔት አቆሙ፣ ኮርፊኒየም የምትባለዋን ከተማ ኢታሊካ ብለው ዋና ከተማ አደረጓት፤ በሬ ተኩላን ሲወጋ የሚያሳይ ሳንቲም ቀጠቀጡ። ሮማ በጦር ሜዳ እየተዋጋቻቸው ሳለ በ90 በዩሊየስ ሕግ ላልከዱት፣ ቀጥሎም ለሚመለሱት ዜግነቱን ሰጠች። ያንን ጦርነት ግን በዚህ ክር ሥር አልጀምርም፤ የጦር አዛዦቹ ሱላና ማሪየስ ከገቡ ማንም አይወጣም። አዲስ ክር ክፈትና ጥራኝ።